የነጋበት እንግዳ

አማርኛችን የመሸበትን ሰው ያውቀዋል። ጀምበር ያዘቀዘቀችበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው አጥር ጥግ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ፣ ከውስጥ የሚመጣው መልስ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፤ «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ»። እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ መደብ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል። ሲነጋም ስንቅ ቢጤ ተቋጥሮለት ይሸኛል። ቆንጆ ወግ ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ደግነት የቆመው ማንም አፍ አውጥቶ በማይናገረው አንድ ግምት ላይ ነው። እንግዳው የሚሄድበት አለው። ቤቱ ራቀበት እንጂ ቤት አጥቶ አይደለም። የመሸበት ሰው ሲነጋለት ችግሩ ያልቃል። ችግሩ ሲነጋ የሚጀምርበት ሰውስ? እሱን የምንጠራበት ስም አላገኘሁለትም። እንግዳ ማለት ግን የሚበቃው አይመስለኝም።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ባለ አንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን፣ ቤት ለሌላቸው ሰዎች በክረምት ማደሪያ ይዘጋጃል። (ክረምት ስል የእነሱን ማለቴ ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን የውርጩን ወራት። የኛማ ክረምት ዝናብ ነው።) አራት ክረምት በበጎ ፈቃደኝነት አገልግያለሁ። ድንች ልጫለሁ፣ ፍራሽ አንጥፌያለሁ፣ ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጬ ዘብ አድሬያለሁ። ወረቀቱ ለአዲስ በጎ ፈቃደኞች የሚታደል መመሪያ ነው። የቀድሞ ሥራዬ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ስለነበር፣ ምን ይደረግ፣ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እንደ ልቦለድ ነው የማነበው።

መመሪያው «ቤት አልባ» የሚል ቃል የለበትም። የሚለው «እንግዶቻችን» ነው፤ ከላይ እስከ ታች እንግዶቻችን። ቃሉ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ሰዎቹን እንዳያዋርድ። ታዲያ እኔ ማሰሪያ አንቀጾቹን አንድ በአንድ አሰመርኩባቸው። እንግዶች ይመዘገባሉ። ሻንጣቸው ይፈተሻል። መድኃኒታቸው በሳጥን ይቆለፋል። እራት ይቀርብላቸዋል። መብራት ይጠፋባቸዋል። ሁሉም ተደራጊ ግሥ ነው፤ አድራጊው ሌላ ሰው ነው። በሁለቱ ገጽ ውስጥ እንግዶቹ ራሳቸው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆነው አንድ ነገር የሚያደርጉት በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው። «እንግዶች ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ሕንፃውን ለቀው ይወጣሉ» ይላል። የኛ ሰዋስው አድራጊውን «ባለቤት» ብሎ መጥራቱ እዚህ ላይ ክፉ ቀልድ ይመስላል። ቤት የሌለው ሰው ባለቤት የሚሆነው ሲወጣ ነው።

እንዳትሳሳቱብኝ። ማደሪያውን ለማጣጣል አይደለም የምጽፈው። ብርድ ያልገደለው ሰው ነው ቀሪውን ችግር የሚያወራው። ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሚገድለው በረዶ ብቻ አይደለም፤ ልብሱ የረጠበና ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ እያለም የሰውነቱ ሙቀት ወርዶ ሊሞት ይችላል። በታኅሣሥ 1984 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ ሜዳልያ የተሸለመ አንድ የቀድሞ ወታደር ከዋይት ሃውስ ፊት ለፊት ባለው መናፈሻ ውስጥ በብርድ ደርቆ ተገኝቷል። ኋላ የተቀበረው የአገሪቱ ጀግኖች በሚያርፉበት በአርሊንግተን ነው። በሕይወቱ አንድ ክፍል ያላገኘ ሰው ሲሞት ከፕሬዚዳንቶች ጋር አንድ መካነ መቃብር ተሰጠው። በዚያው ዓመት ሚች ስናይደር የተባለው የዋሽንግተን ተሟጋች፣ የፌዴራሉ መንግሥት ንብረት የሆነ አንድ ሕንፃ ለቤት አልባዎች ደህና መጠለያ ሆኖ እንዲታደስ 51 ቀን ጾሟል። ሮናልድ ሬገን እሺ ያሉት ለምርጫው ሁለት ቀን ሲቀር ነው።

የአብያተ ክርስቲያናቱን ማደሪያ በሰፊው ካስለመዱት አንዱ ደግሞ ቻርልስ ስትሮብል የተባሉ የናሽቪል ካቶሊክ ቄስ ናቸው። በታኅሣሥ 1985 አንድ ብርዳም ሌሊት በመስኮታቸው ሲያዩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የመኪና ማቆሚያ ላይ ሰዎች መኪና ውስጥ ተኮራምተው ያድራሉ። ዛሬ ካስገባኋቸው ነገም ከነገ ወዲያም ማስገባቴ አይቀርም ብለው እያወቁ አስገቧቸው። በዓመቱ ሥራው «ሩም ኢን ዘ ኢን» የሚል ስም አገኘ፤ ማርያምና ዮሴፍ በቤተ ልሔም ቦታ ያጡበትን የእንግዶች ማደሪያ ለማስታወስ ነው። በአራት ማኅበረ ምእመናን ተጀምሮ ያ ክረምት ሳያልቅ ሠላሳ አንድ ደረሱ። ስትሮብል በነሐሴ 2023 አርፈዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ክረምቱን በሙሉ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ በአካባቢው ያሉት ሳምንት ሳምንት ይካፈሉታል፤ አንዱ ሳምንት የሜቶዲስቶቹ፣ ቀጥሎ የካቶሊኮቹ፣ ቀጥሎ የፕሬስቢቴሪያኖቹ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በአንድ መሰብሰቢያ ቦታ ስም ይጠራል፣ አውቶቡስ ይጭናቸዋል። እኛ ዘንድ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ይመጣሉ። በመካከላቸው ሥራ ያላቸው አሉ፤ ይህን አብዛኛው አዲስ በጎ ፈቃደኛ አያምንም። ፍራሹ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ሰማያዊ ፎም ነው፤ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ትኋን እንዳይዝ። ሴቶቹ ሌላ ክፍል ይተኛሉ። የሚያንኮራፉት ከተቻለ ለብቻ። ሲጋራ የሚያጨሱ ሁለት ጊዜ ብቻ ወጥተው ይገባሉ። ከበጎ ፈቃደኞቹ ሁለቱ ተራ በተራ ነቅተው ያድራሉ፤ አንድም ለሰላሙ፣ አንድም ለእሳት አደጋ። ካልሲ ከምንም በላይ ይፈለጋል። ሲነጋ በካኪ ከረጢት ምሳ፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ካርድ፣ ቡና። ከዚያ በሩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጽሑፍ ልውሰዳችሁ፤ ወደ መመዝገቢያው ሰንጠረዥ። በጎ ፈቃደኛው በኢንተርኔት ገብቶ በሚፈልገው ሰዓት ላይ ስሙን ይጽፋል። ለእኔ ይህ ሰንጠረዥ ከመመሪያው ይበልጥ እውነቱን ይናገራል፤ ማንም አሳምሮ አልጻፈውማ። የታንክስጊቪንግና የገና ሰሞን ምሽቶች በመስከረም ይሞላሉ። የእራት ማብሰያው ረድፍ አራት ሰው ቢፈልግ ሰባት ይመዘገብበታል፤ የተረፉት ኬክ ይዘው ይመጣሉ። እራት ያምራል። ሕፃናት ይዘው ለሚመጡ ቤተሰቦች ትምህርት ነው፣ ፎቶግራፍ ነው፣ ሙቀት ነው። ሌሊቱ ግማሹ ይሞላል። ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚጀምረው የቁርስና የሽኝት ረድፍ ግን በተለይ በየካቲት ማክሰኞዎች ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አስተባባሪዋ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣ ያን ነጭ ቦታ በራሳቸው ስም ሲሞሉት ነው የኖሩት።

ለምን? እንቅልፍ ስለሚከብድ ብቻ አይመስለኝም። እራት ማቅረብ እጅ መዘርጋት ነው፤ ጠዋት ሠላሳ ሰው ቀስቅሶ ውርጭ ላይ ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው። ማታ በሩን የከፈተው ሰው ራሱን ደግ ሆኖ ያየዋል። ጠዋት በሩን የሚዘጋው ሰው ምን ሆኖ ይየው? እኔ ለዚያ ሰዓት ስም አለኝ፤ አዳራሹን የማስረከቢያ ሰዓት። 3 ሰዓት ላይ የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ይገባሉ። ከዚያ በፊት ፍራሹ ይጠረጋል፣ ይደረደራል፣ ወለሉ ይወለወላል፣ የሰው ሽታ በመስኮት ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ ሠላሳ ሰው አድሮበታል ብሎ የሚጠረጥር የለም። የማደሪያው ስኬት የሚለካውም በዚህ ይመስላል፤ አሻራ ባለመተው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት ተኩል አሥር ሰዓት ተኩል ነው። በጥር ቀን ያንን ሁሉ የት ይዋላል? ቤተ መጻሕፍት እስኪከፈት ሰዓታት ይቀራሉ። አውቶቡስ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳሉ፤ ካርዱን በደግነት የሰጠናቸው ለሥራ ፍለጋ ነው፣ እነሱ ሙቀት ይገዙበታል። የገበያ አዳራሽ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጥበቃው እስኪነሳሳ ድረስ። ሻንጣ ይዞ ወደ ሥራ ቃለ መጠይቅ የሚገባ ሰው አስቡት።

ጆርጅ ኦርዌልን ተማሪዎቼ የሚያውቁት በእንስሳቱ እርሻና በ1984ቱ ልቦለድ ነበር። እኔ ግን እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደጋግሜ የማነበው በ1933 ያሳተመውን የፓሪስና የለንደን የችግር ማስታወሻውን ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቤት አልባ የሚያድርባቸው «ስፓይክ» የሚሏቸው የመንግሥት ማደሪያዎች ነበሩ። ሕጉ በአንዱ ስፓይክ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ ማደር ይከለክላል። ስለዚህ ያ ሁሉ ምስኪን ሲነጋ ወደ ሌላው ስፓይክ በእግሩ ይጓዛል፣ በማግሥቱ ወደ ሌላው። ሕዝቡ «እነዚህ ሰዎች ዘላን ደም አለባቸው፣ አንድ ቦታ አይቀመጡም» ይላቸዋል። ኦርዌል ያሳየው ይህን ነው፤ የሚያዞራቸው ደማቸው ሳይሆን ደንቡ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሻይ ከዳቦ ጋር አብልቶ ለጸሎት ያስቀመጣቸው ሰዎች በጸሎቱ መሐል እንዴት እንደረበሹና እንዳላገጡም ጽፏል፤ ውለታው ራሱ ውርደት ሆኖባቸው እንደነበር ያስነብበናል። የኛ ማደሪያ የግድ ጸሎት የለበትም፤ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ማዞሩ ግን አለ። እኛ «ተራ» እንለዋለን፤ የተራው ባለቤቶች አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው። የሚዞሩት ግን እንግዶቹ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ማዞሩን የፈጠረው የበጎ ፈቃደኛው ድካም ብቻ አይደለም። ሕግም አለበት። አንድ አዳራሽ ለስብሰባ ተብሎ ከተፈቀደ ለመኝታ አልተፈቀደም፤ ጣሪያው ላይ የእሳት ማጥፊያ ውኃ መርጫ ከሌለ፣ መውጫ በሮቹ ካልበቁ፣ የከተማው መሐንዲስ «ለጥቂት ሌሊት እሺ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም» ይላል። ብራያን በምትባል የኦሃዮ ትንሽ ከተማ አንድ ፓስተር ከ2023 ጀምረው ቤተ ክርስቲያናቸውን ቀንና ሌሊት ክፍት ስላደረጉ ከከተማው ጋር ተካሰዋል። ቦታው ለመኖሪያ አይደለም ነው የከተማው ክርክር። ከተማውን ሙሉ በሙሉ መኮነን አልችልም፤ እሳት ደግና ክፉ አይለይም። ግን የሚገርመው፣ ደንቡ የሚነቃው ሰውየው አዳራሹ ውስጥ ሲተኛ ነው። ውጭ ሳር ላይ ሲተኛ የእሳት አደጋ መርጫ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሳሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2024 በግራንትስ ፓስ ጉዳይ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ከተሞች ውጭ የሚያድሩ ሰዎችን በቅጣት ቢከለክሉ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል።

መንግሥትም ቢሆን ይህን ሰው የሚያየው በሌሊት ነው። በዋሽንግተን በ2005 የወጣው ሕግ፣ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መጠለያ የማግኘት መብት ይሰጣል። ጥሩ ሕግ ነው። ብዙ ከተሞች ይህንንም የላቸውም። ግን ከቴርሞሜትር ጋር የሚወጣና የሚወርድ መብት ሌላ ታውቃላችሁ? የቤት አልባው ቁጥርም የሚቆጠረው በጥር መጨረሻ በአንዲት ሌሊት ነው። የጥር 2024 ቆጠራ በመላ አገሪቱ 771,480 ሰው አግኝቷል፤ እስከዚያ ጊዜ ከተቆጠረው ሁሉ ከፍተኛው ነው።

አሁን ወደኛው ሰው ልምጣ። በሦስተኛው ክረምቴ ቡና ሳድል አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰብኝ። በእንግሊዝኛ ጠየቅኩት፣ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ፤ ሁለታችንም ተዋውቀናል፣ ሁለታችንም አልተዋወቅንም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እኔ ለዘብ ተቀምጬ ሳለ ካልሲውን እንዳጠለቀ መጥቶ ወንበር ሳበ።

«ጋሼ፣ ሀበሻ ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

«እዚህ ያዩኝን ለማንም እንዳይነግሩብኝ፤ አደራ።»

አደራውን አከብራለሁ፤ ስለዚህ መልኩንም ሰፈሩንም ሥራውንም እዚህ ላይ ለውጫለሁ። የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበር እንበል። በወረርሽኙ ጊዜ ጋራዡ ተዘጋ፤ ኋላ የተገኘው ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሆነ፤ መሐል ላይ ታመመ። የሚኖረው የአገሩ ልጅ ቤት ቤዝመንት ተከራይቶ ነበር። «ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰባት ወር ታግሦኛል» አለኝ። ሰባት ወር! እሱም ባለዕዳ ነው፤ ባንክ አለበት። ማደሪያው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ማታውማ ምን ይላል፣ እግዜር ይስጣቸው። የሚገድለኝ ቀኑ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚገባበት ሥራ አግኝቼ ነበር፤ ሱፐርማርኬት ዕቃ መደርደር። እስከ እኩለ ሌሊት ነው። የናንተ አውቶቡስ ደግሞ በ11 ተኩል ይሄዳል። ሥራውን ብይዝ ፍራሹን አጣለሁ፤ ፍራሹን ብይዝ ሥራውን።»

«ቀን የት ትውላለህ ታዲያ?»

«ቤተ መጻሕፍት። ባቡር ጣቢያ። ሀበሻ ካፌ ብቻ አልገባም።»

«የሚከፍልልህ አይጠፋም እኮ።»

«መክፈሉን ይከፍሉልኛል ጋሼ። ጥያቄውን ነው የማልችለው።»

በእኛ ዘንድ ይህ ሰው የለም። ማለቴ፣ እንዲኖር አንፈቅድም። አንድ የማከብራቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለ ማደሪያው ሳወራላቸው «ተመስገን፣ የኛ ሰው እዚያ አልደረሰም» ብለውኛል። ሽማግሌው አልዋሹም፤ አላዩም። እንዳይታዩ ሆነው ነዋ የሚያድሩት! የኛ ማኅበረሰብ ደግነት በሞት ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ያ ሰው ውርጭ ላይ ቢሞት ሬሳውን አገር ቤት ለመላክ የሚበቃው ገንዘብ በሁለት ቀን ይዋጣል። ፎቶው በየሱቁ መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ እናቱ ትታሰባለች፣ ድንኳኑ ይሞላል። የዚያ ገንዘብ እኩሌታ የቤዝመንቱን ኪራይ ስንት ወር ይከፍል እንደነበር አስሉት። ግን በቁሙ እንዲጠይቀን ይፈለጋል፤ መጠየቅ ደግሞ አልችልም ብሏል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ የኛ አብያተ ክርስቲያናት፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ ብዙዎቹ በኪራይ አዳራሽ ጀምረው ዛሬ የራሳቸው ሕንፃ አላቸው። የገቡበትን ላብ አውቃለሁ፤ የባንኩ ዕዳም ገና ነው። ታላላቅ ወጥ ቤቶች አሏቸው፤ ለንግሥና ለሠርግ ስንት መቶ ሰው ይመገብባቸዋል። በእኔ አካባቢ ግን ለክረምቱ ተራ ከተመዘገቡት መሐል አንድም የኛን ስም አላየሁም። ምክንያት አይጠፋም፤ ኢንሹራንስ፣ ፈቃድ፣ ቋንቋ። እንዲያውም አንድ የተሻለ ምክንያት ልስጣቸው፤ ፈረንጆቹ በደከሙበት ሌሊት ላይ ሌላ ሌሊት መጨመር የለባቸውም። ቀኑን ይያዙት። አዳራሾቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀን ባዶ ናቸው፤ መዋዕለ ሕፃናት የለባቸውም። ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶች ደግሞ አሉን፤ ቀኑን ሙሉ ልጅ ቤት ተዘግቶባቸው የሚውሉ። ቡና ማፍላት ከእነሱ በላይ ማን ይችላል?

ይህ ሕልም አይደለም። በ2019 ዋሽንግተን መሐል ከተማ፣ አብርሃም ሊንከን ያስቀድሱበት በነበረው የኒውዮርክ አቬኑ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቀን አገልግሎት ማዕከል ተከፍቷል። ሰዎች ሻወር የሚወስዱበት፣ ልብስ የሚያጥቡበት፣ የጠፋ መታወቂያና የልደት ወረቀት የሚያስወጡበት ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው ቤት አይከራይም፣ ሥራም አይቀጠርም፤ መታወቂያ የሚያወጣው ቢሮ ደግሞ ሌሊት አይሠራም። የናሽቪሉ ማደሪያም በአንድ ሌሊት አልቆመም። በ2010 የከፈተው ሕንፃ 38 ቋሚ አፓርታማዎች አሉበት፤ ቁልፍ ያላቸው በሮች። በሄልሲንኪ ሳልቬሽን አርሚ፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወደ 250 አልጋ የነበረውን ማደሪያውን አድሶ ወደ 80 ገደማ አፓርታማ አድርጎታል። አልጋው በጣም ቀነሰ፤ ሂሳብ ለሚወድ ሰው ኪሳራ ነው። ነገር ግን ቀድሞ በየምሽቱ የሚቆጠረው አልጋ ላይ የተኛ ነበር፤ አሁን የሚቆጠረው የማይመለስ ነው።

ገንዘቡ የለም የሚለኝ ካለ፣ የ2020ን መጋቢት አስታውሰዋለሁ። በእንግሊዝ አገር ሰው ከሰው ጎን ፎም ላይ የሚተኛባቸው የአብያተ ክርስቲያናት አዳራሾች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ፤ መንግሥት «ሁሉም ይግባ» ብሎ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በቀናት ውስጥ ሆቴል አስገባቸው። በየራሳቸው ክፍል፣ ቀንም ሌሊትም። በኋላ የወጣ ጥናት፣ በመጀመሪያው የወረርሽኝ ማዕበል ቤት አልባዎቹን ለመከላከል የተወሰዱት እርምጃዎች የ266 ሰዎችን ሕይወት እንዳተረፉ ገምቷል። ለካስ ክፍል ነበር! የጠፋው ክፍሉ ሳይሆን ፍርሃቱ ነበር፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ።

ይህን ሁሉ ባለፈው የጸደይ ግምገማ ላይ ለአስተባባሪዋ አንስቼላቸዋለሁ፤ ጽሑፌን እንደ ተማሪ ያርሙታል ብዬ ፈርቼ በቃል ነው የነገርኳቸው። ሴትየዋ ዝም ብለው ሰሙኝና ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛው፣ «እንግዳ» የሚለውን ቃል እንዳልነካባቸው። ይህ ቃል ከመምጣቱ በፊት በጎ ፈቃደኞች ሰዎቹን በምን ይጠሯቸው እንደነበር እሳቸው ሰምተዋል፣ እኔ አልሰማሁም። ተቀብያለሁ። ሁለተኛው ከባድ ነው። «ቀኑን ከከፈትኩ እራት የሚያበስሉት ይሸሹኛል» አሉ። «ሰዎች ለሦስት ሰዓት ደግ መሆን ይችላሉ። ለአሥር ሰዓት ደግነት ሥራ ይሆናል፤ ሥራ ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል።»

እዚህ ላይ አልስማማም፤ ነገር ግን መልሱ በክርክር የሚገኝ አይደለም። ደግነት ሥራ መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ ደመወዝ የሚያስፈልገው ከሆነም የሰባት ሰው እራትና ኬክ ወጪ ተጠራቅሞ ለአንድ የቀን ሠራተኛ የሚበቃ ይመስለኛል። እራቱ ሾርባና ዳቦ ቢሆን ማንም አይጎዳም። አብሳዮቹ ግን ቅር ይላቸዋል፤ እራት ለማን እንደሚበሰል የሚታወቀው ያኔ ነው።

ሴትየዋ አልስማማም እንዳሉ ቢሆኑም ሰንጠረዡ ላይ ለመጪው ጥር አንድ ረድፍ ጨምረዋል። ማክሰኞ ብቻ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 6 ሰዓት፣ መዋዕለ ሕፃናቱ በማይጠቀምበት በምድር ቤቱ ክፍል። አንድ ስልክ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ለደብዳቤ መቀበያ አድራሻ፣ ለሻንጣ መቆለፊያ ሳጥን። እስከ ትናንት ማታ ሦስት ስም ነበረበት። አንዷ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሦስተኛው ያ ሰው ነው፤ በጎ ፈቃደኛ በሚለው ረድፍ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሙሉ ስሙን ጽፏል። አድራሻ በሚለው ሳጥን ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶበታል።